የጠዋቱ ንባብ

ጥር ገና ሳይወጣ፣ ሙቀቱ ቀደመ፤
ሳይጠሩት እንደ መጣ ዘመድ፣ ደጃፌ ላይ ቆመ።
ጨው በዕቃው ረጥቦ፣ ድንጋይ ሆኖ አደረ፣
ክብሪቱ ሦስቴ ተጭሮ፣ በአራተኛው ተሰበረ፤
ትናንት ያሰጣሁት ሸሚዝ፣ ዛሬም እንደ ራሰ፣
ምን ምርጫ አለው ብሎ፣ ትከሻዬ ለበሰ።

አሥራ ሁለት ተኩል።
በእጄ ባትሪ፣ በብብቴ መዝገብ፣
ነጯን ሣጥን ከፍቼ፣ ሁለቱን ቴርሞሜትር ሳነብ፦
ደረቁ አሥራ ሰባት፣ እርጥቡም አሥራ ሰባት፤
አየሩ ጠጥቶ ጠግቦ፣ ለአንዲት ጠብታ ቦታ ጠፋበት።
እርጥበት፦ መቶ በመቶ።
እይታ፦
ቀና ብዬ ታቦርን ፈለግሁት፤ ታቦር የለም።
ሐይቁን ፈለግሁት፤ የለም።
የግቢው አጥር፣ የአጥሩ በር፣
ጥበቃው ሻሌ፣ ከነካፖርቱ፣ የለም፤
ሳሉ ብቻ አለ።
«ስንት ሜትር ልበል?» አልኩት ሳሉን።
«እኔን ካላየሽኝ፣ ምኑን ትለኪዋለሽ?» አለ።
ጻፍሁ፦ ሃምሳ።

ትናንት ማታ እኮ ልኬ ነበር፤
«ሐይቅ ዳር፣ ንጋት ላይ፣ ጭጋግ ይጠበቃል» ብዬ፣
በስልክ፣ ቃል በቃል፣ ሁለቴ ደግሜ።
ሬዲዮው ግን ወሬውን አስረዝሞ፣ አየሩን አሳጥሮ፣
«ሐዋሳ፦ ከፍተኛው ሠላሳ አንድ፤ ከፊል ደመናማ» አለና፣
ወደ ሳሙና ማስታወቂያ ዞረ፤
ጭጋጌ እዚያው መሐል፣
በአንድ ነጠላ ሰረዝ ቦታ ቀረ።

ሀሜሶ ድሮ ሬዲዮ አይሰማም ነበር።
የሚሰማው ጉልበቱን ነበር፤
ዝናብ ሲቀርብ የሚቆረጥመውን የግራውን።
ዘንድሮ ግን ሙቀቱ ቀድሞ፣ ጉልበቱ ቀን ተምታቶበት፣
ሦስቴ ዋሸውና፣
አሞራ ገደል ላይ፣ በሁለት ትልልቅ አምባዛ፣
ከአንድ ባለ ሱቅ፣ አንቴናው የጎበጠ ሬዲዮ ገዛ።
በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ታንኳው አፍንጫ ላይ አንጠልጥሎ፣
ያችን «ከፊል ደመናማ» አምኖ፣
በሌሊት መረቡን ሊያነሳ ወጣ።

እና አሁን፣ ከነጩ ውስጥ፣ ከውሃው ወገን፣ ድምፅ መጣ፦
ቋ። ቋ። ቋ ቋ።
ዱካለ ናት፣ ሚስቱ፤
የዘይት ቆርቆሮ በድንጋይ ትመታለች፤
«ወደ ማዶ አይደለም፣ ወደዚህ ነው» እያለች።
ዓሣ ጠባሿ በጭልፋ፣ የባጃጁ ልጅ በጡሩምባ፣
አባ ኮዳዎቹም ከዛፉ ጫፍ፣ ምንቃራቸውን እያጋጩ፣
ማን እንዳዘዛቸው እንጃ።
ሻሌ አጥሩን በዱላ።
እኔም መዝገቤን ዘጋሁ፤
የዝናብ መለኪያውን ጣሳ ከመቀመጫው ነቀልሁ፣
(ደንቡ አይፈቅድም፤ አለቃዬ አይስማ)
በበሩ ቁልፍ ደበደብሁት፣
ሐይቁ ጆሮ እስኪያወጣ፣ ጭጋጉ እስኪሰማ።

ሁለት ሰዓት አልፎ፣
ጭጋጉ ከታች፣ እንደ ቀሚስ ጠርዝ፣ ከውሃው ተነሣ።
መጀመሪያ የታንኳው ሆድ፤
ከዚያ መቅዘፊያው፤
ከዚያ ቆሮሶዎቹ፣ አንዳንዶቹ ገና ይፈራገጣሉ፤
ከሁሉ በኋላ ፊቱ።
ሬዲዮው አሁንም ስለ ሳሙና ያወራል።

ዱካለ ቆርቆሮውን አላስቀመጠችም።
እግሩ አሸዋ ረግጦ እንኳ፣ ሦስቴ መታችበት፤
«በማን ቃል ነው የወጣኸው?» አለችው።
ለእሱ የተጠየቀው፣ እኔን ወጋኝ፤
ጣሳዬን ከጀርባዬ ደበቅሁ።

«ነገስ?» አለኝ ሀሜሶ፣ ጢሙ ላይ ጠብታ እንደ ተንጠለጠለ።
ሁለቱን አሥራ ሰባቶች አሰብሁ፤
ያልደረቀ ሸሚዜን ዳበስሁ።
«ነገም ያው ነው» አልኩት፤ «ቆርቆሮው ከእጇ አይራቅ።»

ስመለስ፣ በመዝገቡ ጠርዝ፣ ረድፍ ባልተሰመረበት፣
በእርሳስ፣ ሊጠፋ እንዲችል አድርጌ ጻፍሁ፦
እይታ፣ ሃምሳ ሜትር።
መስሚያ፣ እስከ ማዶ።